ጢሮስ፣ ከየብስ የተጋባችው ደሴት

ከቤይሩት በስተደቡብ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ጢሮስ፣ ሊባኖሳውያን ሱር የሚሏት፣ በጥንት ዘመን ደሴት ነበረች። መርከብ የሌለው ጦር አይደርስባትም፤ የባቢሎኑ ናቡከደነፆር እንኳ ለ13 ዓመት ከብቧት እንደነበር ይነገራል። ታላቁ እስክንድር ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ332 ዓመት ባሕሩን ራሱን ሊሞላ ተነሣ። በየብስ የነበረውን አሮጌውን ከተማ አፍርሶ፣ ድንጋዩንና የሊባኖስን ግንድ ውሃው ውስጥ እያስደፋ እስከ ደሴቲቱ ድረስ መንገድ ዘረጋ። በሰባተኛው ወር ከተማዋ ተያዘች።

ከዚያ ወዲያ ሥራውን የቀጠለው ባሕሩ ነው። መንገዱ የውሃውን ፍሰት ስለገታው አሸዋ በግራና በቀኝ ይከመር ጀመር፤ ዘመን በዘመን ላይ ሲደረብ ጢሮስ በሰፊ ልሳነ ምድር ከየብሱ ጋር አንድ ሆነች። ለዚህ ነው የባሕር ዋናውንና የጥንቱን ፍርስራሽ ለያይቶ መጎብኘት አይገባም የምለው፤ የከተማዋ ሰው በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት የሚንጋለልበት አሸዋ ከዚሁ ታሪክ አይለይም። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ደግሞ በ1998 እ.ኤ.አ. የተከለለው ጥብቅ ስፍራ ይገኛል። የባሕር ኤሊዎች ሌሊት ወጥተው እንቁላላቸውን የሚቀብሩት እዚያ ነው።

ፍርስራሾቹ በ1984 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። አል ባስ በተባለው ስፍራ የሮማውያን መንገድ በድል ቅስት ሥር ያልፋል፤ ግራ ቀኙ የድንጋይ ሣጥን መቃብር ነው። ወደ ከተማዋ የሚገባ ሁሉ በሙታን መካከል ያልፍ ነበር ማለት ነው። ከመቃብሩ ባሻገር 480 ሜትር ገደማ የሚረዝም የሠረገላ መሽቀዳደሚያ ተዘርግቷል።

በባሕሩ ጠርዝ ያለው ሌላው የፍርስራሽ ስፍራ፣ አል ሚና፣ በአምዶቹ ረድፍ ያምራል። እኔን ይበልጥ የሚደንቀኝ ግን ለከተማዋ ያን ሁሉ ሀብት ያስገኘላት ሐምራዊ ቀለም ነው። የሚወጣው ከባሕር ቀንድ አውጣ ነው። ሮማዊው ፕሊኒ እንደጻፈው፣ የቀንድ አውጣው ዕጢ ወጥቶ ሦስት ቀን በጨው ይዘፈዘፋል፤ ከዚያም በእርሳስ ጋን ለቀናት በቀስታ እየፈላ ይጣራል። ተመራጩ የረጋ ደም የመሰለው ነበር። ለአንድ ልብስ እልፍ ቀንድ አውጣ ስለሚያልቅ ነገሥታትና ባለጠጎች ብቻ ለበሱት። ግማቱ ግን ለከተማው ሕዝብ ቀረ።

ለእኛ ጢሮስ ከዚህም በላይ ናት። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ሩፊኖስ እንደሚተርከው፣ ሜሮፒዮስ የተባለ የጢሮስ ፈላስፋ ፍሬምናጦስንና ኤዴስዮስን ይዞ ሲጓዝ መርከባቸው ውሃ ለመቅዳት ወደብ ላይ ቆመች። የአገሩ ሰዎች ተሳፋሪዎቹን ገድለው ሁለቱን ልጆች ለአክሱም ንጉሥ ወሰዷቸው። ፍሬምናጦስ ኋላ በእስክንድርያ በአትናቴዎስ እጅ ጵጵስና ተቀብሎ የእኛው አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን ሆነ። ኤዴስዮስ ግን ወደ ጢሮስ ተመልሶ ቄስ ሆነ፤ ሩፊኖስም ታሪኩን ከእርሱ አንደበት መስማቱን ይመሰክራል። የአክሱም ክርስትና ጅማሬ በጽሑፍ የደረሰን በዚህች ከተማ ቄስ በኩል ነው።

በ2024 እ.ኤ.አ. ጦርነት ቦምብ በጢሮስ ላይ ሲወርድ፣ ዩኔስኮ በኅዳር ወር ለ34 የሊባኖስ ቅርሶች ጊዜያዊ የተጠናከረ ጥበቃ ሰጠ፤ ጢሮስም አንዷ ነበረች። መሄድ የሚሻ ሰው የደቡብ ሊባኖስን ጸጥታ አስቀድሞ ያጣራ። ደኅና ከሆነ አል ባስን ፀሐይ ሳይበረታ በጠዋት፣ አል ሚናን ቀጥሎ ይይ፤ ከሰዓቱን ለባሕሩ ይተው።