ኮከብ የሌለው እንግዳ

ኤርቢኤንቢ በተባለው የማረፊያ ቤት ማከራያ ድረ ገጽ ላይ ቤቱን የሚያከራይ ሰው ስለማያውቀው እንግዳ የሚያገኘው መረጃ ጥቂት ነው፤ ስም፣ አጭር መልእክት፣ ቀድመው ያስተናገዱት አከራዮች የሰጡት ኮከብና የጻፉለት አስተያየት። ቁልፉን ለማስረከብ የሚወስነው በዚሁ ነው።

ኮከቡ ግን አንዱን ከሌላው ብዙም አይለይም። ዜርቫስ፣ ፕሮሰርፒዮና ባየርስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 እንዳሳዩት፣ 95 በመቶ ለሚጠጉት ቤቶች እንግዶች የሰጡት አማካይ ውጤት አራት ተኩል ወይም አምስት ኮከብ ነው። አንዱ ምክንያት የብቀላ ፍርሃት ነበር፤ ቀድሞ የጻፈ ሰው ቃሉ ወዲያው ይታይ ስለነበር ሌላው አንብቦ አጸፋውን ይመልስ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ አከራዩም እንግዳውም እስኪጽፉ ወይም 14 ቀን እስኪያልፍ የማንም አስተያየት አይወጣም። ብቀላው ቀነሰ፤ ውጤቱ ግን ያን ያህል አልወረደም። ቤት ያፈራውን የተካፈሉትን ሰው በአደባባይ መውቀስ ለብዙዎች ይከብዳል። ስለዚህ ነቃ ያለ አከራይ ቁጥሩን ትቶ ቃላቱን ያነባል፤ «ጥሩ እንግዳ ነበር» ተብሎ ስለ ንጽሕና ምንም ካልተነሳ ዝምታውን ይጠረጥራል።

ጣጣው ያለው ምንም ያልተጻፈለት ሰው ላይ ነው። ተመራማሪ ሩዎሜንግ ጹዪና ሁለት ባልደረቦቻቸው በፈጠራ አካውንቶች ለአሜሪካ አከራዮች ጥያቄ ላኩ። አንዳንዱ ስም የነጭ፣ አንዳንዱ የጥቁር አሜሪካዊ የሚመስል ነበር። አስተያየት በሌለበት፣ የጥቁር ስም የያዙት የመቀበል ዕድላቸው በ19.2 የመቶኛ ነጥብ አነሰ። አንድ መልካም አስተያየት ሲጨመር ግን በሁለቱ መካከል በስታቲስቲክስ የሚለይ ልዩነት አልተገኘም። እኔን ይበልጥ የገረመኝ ሌላው ነው፤ ያላሞገሰ፣ እንዲያውም አንድ ቃል ያልሰፈረበት ባዶ አስተያየት እንኳ አድልዎውን አለዘበ። እንግዳው ራሱ «ንጹሕና ተግባቢ ነኝ» ማለቱ ግን አልጠቀመውም። የቤት ሠራተኛ ስትቀጠር ተያዥ እንደምትጠየቀው ማለት ነው፤ የራሷ ምስክርነት አይቆጠርላትም።

የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ይህን «ስታቲስቲካዊ አድልዎ» ይሉታል። ስለ ግለሰቡ የሚያውቀው ያጣ ሰው ክፍተቱን ስለ ግለሰቡ ወገን ባለው ግምት ይሞላዋል።

ኤርቢኤንቢ እ.ኤ.አ. በ2018 የእንግዳው ፎቶ ጥያቄው ተቀባይነት ካገኘ በኋላ ብቻ እንዲታይ አደረገ። ስም ግን መታየቱን ቀጠለ። በ2022 የኦሪገን ነዋሪ ለሆኑ እንግዶች ብቻ ስማቸው በመጀመሪያ ፊደል እንዲተካ ተደረገ። ለአዲስ ተጠቃሚ የሚሻለው የአከራዩን ይሁንታ ሳይጠብቁ ወዲያው የሚያዙ ቤቶችን መሞከር ነው፤ ከእነዚህም ውስጥ ግን መልካም ታሪክ ያለውን እንግዳ ብቻ የሚቀበሉ አሉ።