እንጨት አይነድም፤ የሚነደው ሌላ ነው

ሐምሌ ላይ እንጅባራ ውስጥ እሳት ለማያያዝ ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ ጉሙ ደጃፍ ድረስ መጥቷል። ፍልጡን ትደረድራላችሁ፣ ክብሪት ትጭራላችሁ፣ ጎንበስ ብላችሁ እፍ ትላላችሁ። እንጨቱ ግን መንደዱን ትቶ ያለቅሳል። እውነቴን ነው! በተቆረጠው ጫፉ በኩል እየተንጫጫ አረፋ ይደፍቃል፣ ውኃ ያንጠባጥባል። እስካሁን የተቃጠለ ነገር ቢኖር የእናንተ ዓይን ነው። ያንኑ ፍልጥ መጋቢት ላይ አምጡት፤ ጥቂት ጭራሮና አንድ ክብሪት ይበቃዋል።

«ደረቀ ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን መድረቅ ለእሳት ምን ያመቻችለታል? ይህን ለመረዳት መጀመሪያ አንድ የለመድነውን ነገር መጠራጠር አለብን፤ ነበልባል ሆኖ የሚነደው እንጨቱ ራሱ አይደለም።

እንጨት፣ ገለባ፣ ወረቀት፣ የጥጥ ጨርቅ፣ እነዚህ ሁሉ ውስጣቸው ያለው ዋና ነገር አንድ ነው፤ ሴሉሎስ ይባላል። ሴሉሎስ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲሞቅ መፈራረስ ይጀምራል፤ ወደ 300 ሲጠጋ የሚነድ ጋዝ በብዛት ይለቃል። ይህ ጋዝ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተቀላቅሎ እሳት ሲያገኘው ቦግ ይላል። ነበልባሉም በተራው እንጨቱን ያሞቀዋል፤ እንጨቱ ሌላ ጋዝ ይሰጣል፤ ነበልባሉ ይቀጥላል። እሳት ተያያዘ የምንለው ይህ ዙር ያለ ክብሪት መሽከርከር ሲጀምር ነው።

አላመናችሁም? ዛሬ ማታ ሻማ አብሩና ትንሽ ይቆይ። ከዚያ እፍ ብላችሁ አጥፉትና፣ ከክሩ ሽቅብ የምትወጣው ነጭ ጭስ ሳትበተን፣ የበራ ክብሪት ጭሷ ውስጥ አስገቡ። ክሩን እንዳትነኩት፤ አንድ ሁለት ጣት ያህል ከፍ አድርጉ። እሳቱ በጭሷ ላይ ተንሸራቶ ይወርድና ሻማውን መልሶ ያበራዋል! የሰም እንፋሎት ነው የነደደው። እንጨትም መንገዱ ተመሳሳይ ነው።

አሁን ወደ ሐምሌው እንጨታችን እንመለስ። እንጅባራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,500 ሜትር ከፍ ስለምትል፣ እዚያ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው። ድስት ጥዳችሁ እሳቱን የቱንም ያህል ብታጠነክሩት፣ ውኃው ተንኖ እስኪያልቅ ድረስ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። በእርጥብ እንጨት ውስጥም የሚሆነው ይኸው ነው። ጋዙ ከ200 በላይ ይጠብቃል፤ ውኃው ግን 92 አካባቢ ላይ ቆሞ «እኔ ሳልወጣ ማንም አያልፍም» ይላል።

ለመውጣትም ዋጋው ከባድ ነው። አንድ ሊትር ቀዝቃዛ ውኃ አፍልታችሁ፣ ከዚያ ጠብታ ሳይቀር አትንኑት ብትባሉ፣ ለማትነኑ የምትከፍሉት ሙቀት ለማፍላቱ ከከፈላችሁት 7 እጥፍ ይጠጋል። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ደግሞ ከክብደቱ ግማሽ የሚጠጋው ውኃ ነው። 10 ኪሎ እርጥብ ማገዶ የተሸከመ ሰው አራት አምስት ሊትር ውኃ ተሸክሟል ማለት ነው። ታዲያ አንዲት ክብሪት ይህን ሁሉ በምን አቅሟ?

መድረቅ ብቻውን ግን ሁሉን አይነግረንም። ወደ ዳንግላ ውረዱና በበጋ አንድ የጤፍ ጭድ ክምርና አንድ የደረቀ የባሕር ዛፍ ግንድ ጎን ለጎን ተመልከቱ። ሁለቱም ደርቀዋል። ጭዱን ክብሪት ያነደዋል፤ ግንዱን ግን በክብሪት ብትነኩት ጠቁሮ ዝም ይላል። ምክንያቱ ግንዱ ሙቀቱን ወደ ውስጥ እየሳበ ስለሚበትነው ነው። ጭዱ ቀጭን ስለሆነ ሙቀቱ የሚሸሽበት የለም፤ አየርም በየመሃሉ አለ። በየጎኑ 10 ሴንቲሜትር የሆነ አንድ ኩብ እንጨት 600 ካሬ ሴንቲሜትር ገጽ አለው። ባለ 1 ሴንቲሜትር ኩቦች አድርጋችሁ ከከተፋችሁት 6,000 ይሆናል። እንጨቱ ያው ነው፤ ለእሳት የተከፈተው በር ግን አሥር እጥፍ ሆነ። እናቶቻችን ከፍልጡ በፊት ጭራሮ የሚያስቀድሙት ለዚህ ነው።

እንጅባራንና ዳንግላን በሚያገናኘው መንገድ ላይ፣ አዲስ ቅዳም ዙሪያ፣ ይህን ሳይንስ ኑሯቸው ያደረጉ ሰዎች አሉ። የፋግታ ለኮማ ወረዳ ገበሬዎች ባለፉት አስርት ዓመታት ዲከረንስ የሚባለውን ከአውስትራሊያ የመጣ የግራር ዘር በስፋት ሲተክሉ ቆይተዋል። ዛፉ አራት አምስት ዓመት ሲሆነው ይቆረጥና ከሰል ይሆናል። እንጨቱን ከምረው፣ በቅጠልና በሣር ሸፍነው፣ አፈር ያለብሱታል፤ ለአየር ጥቂት ቀዳዳ ብቻ ይተዉለታል። መጀመሪያ የሚወጣው ወፍራም ነጭ ጭስ በአብዛኛው የእንጨቱ ውኃ ነው። ቀጥሎ ጋዙ ይወጣል። ጭሱ ሳስቶ ሰማያዊ ሲመስል ከሰሉ ደረሰ፤ ያኔ ቀዳዳው ይደፈናል፤ አለዚያ አመድ ማፈስ ይመጣል።

ከሰል ያለ ነበልባል በፍም ብቻ የሚነደውም ለዚሁ ነው፤ ጋዙን አስቀድሞ አጥቶታል። ጭስ የለውም ማለት ግን ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል የማይታይና የማይሸት መርዝ ያወጣል፤ በእንጅባራ ብርድ በር ዘግቶ ከሰል አጠገብ መተኛት ገዳይ ነው።

ደረቅ ነገርና እሳት ሲገናኙ፣ በትልቁ ሲሆን ምን እንደሚመስል በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ላይ አይተናል። በጋው ያደረቀው ጓሳና አስታ ተያይዞ፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጥተው እስኪያግዙ ድረስ አስቸግሯል። እንዲህ ባለ ቦታ «በደረቅ ምክንያት እርጥብ ይነዳል» የሚለው አባባል ቃል በቃል እውነት ነው። ደረቁ ሣር ሲነድ የሚሰጠው ሙቀት የአጠገቡን ለምለም ቅጠል ውኃ ያተንናል፤ ውኃው ካለቀ ለምለሙም ማገዶ ነው።

ይህንኑ ግን የእነ እንጅባራ አገር የሆነው የአዊ ባልትና በደግ መንገድ ከጥንት ይሠራበታል። ክረምት ሲሆን የነገው እንጨት ከዛሬው ምድጃ በላይ፣ ቆጡ ላይ ይሰቀላል። ወጡ እየበሰለ እንጨቱ ውኃውን ቀስ በቀስ ይጥላል። ነገ ጠዋት ክብሪቱ ሲጫር ዋናው ሥራ ሌሊቱን አልቋል።