ሐኪም የሌለው ሆስፒታል፣ ሥራ የሌለው ሐኪም፦ ሁለቱ ለምን አይገናኙም?

#ማብራሪያ #ደብረታቦር

"እዚህ ሐኪም የለም፣ ሪፈር ተጽፎላችኋል።" በደቡብ ጎንደር ገጠር ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በሌላ በኩል ደግሞ 6 እና 7 ዓመት ተምረው፣ ዶክተር ተብለው ተመርቀው፣ ቤተሰብ ጋ ተቀምጠው የቅጥር ማስታወቂያ የሚጠብቁ ወጣቶች አሉ።

ሐኪም ካነሰ እነዚህ ልጆች ለምን አይቀጠሩም? ነገሩን ከደብረ ታቦር ተነስተን እንየው።

👉 ፍላጎቱ ምን ያህል ነው?

በሀገራችን አሠራር አንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ከ60 ሺህ እስከ 100 ሺህ ሕዝብ፣ አጠቃላይ ሆስፒታል ከ1 እስከ 1.5 ሚሊዮን፣ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ደግሞ ከ3.5 እስከ 5 ሚሊዮን ሕዝብ እንዲያገለግል ነው የሚታቀደው።

በዞኑ አዲስ ዘመን፣ እብናት፣ መካነ ኢየሱስ እና ነፋስ መውጫ ሆስፒታል አላቸው። ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ታካሚ ወደ ደብረ ታቦር ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ይልካሉ። እዚያም ካልተቻለ መንገዱ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ነው።

በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የደቡብ ጎንደር ሕዝብ 2,051,738 ነበር። በሀገር ደረጃ ያለው የሐኪም ቁጥር ለ10 ሺህ ሰው 1 ገደማ ነው፤ ይህ በዓለም ዝቅተኛ ከሚባሉት ውስጥ ነው። በዚህ ዝቅተኛ ስሌት እንኳ፣ ያውም በ1999ኙ ሕዝብ ብቻ፣ ዞኑ ከ200 በላይ ሐኪም ያስፈልገዋል። ከዚያ ወዲህ የተወለደው ሕዝብ አልተቆጠረም።

ስለዚህ ፍላጎቱ መኖሩ አያከራክርም።

👉 ታዲያ "ክፍት የሥራ ቦታ" ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ታካሚ ተሰልፎ ሐኪም ከሌለ ቦታው ክፍት ይመስለናል። በመንግሥት አሠራር ግን አንድ ሐኪም እንዲቀጠር ሦስት ነገሮች መገናኘት አለባቸው፦

1. ፍላጎት፦ ሆስፒታሉ "ሐኪም ያስፈልገኛል" ማለት አለበት።
2. መደብ፦ የሥራ ቦታው በተቋሙ መዋቅር ላይ ተፈቅዶ መቀመጥ አለበት።
3. በጀት፦ ለዚያ መደብ የደሞዝ ገንዘብ በዓመቱ በጀት መያዝ አለበት።

አንዱ ከጎደለ ማስታወቂያ አይወጣም። መደቡ መዋቅር ላይ ተጽፎ በጀት ከሌለው ቦታው ለዓመታት ባዶ ሊቀመጥ ይችላል። በሪፖርት "ክፍት መደብ" ተብሎ ይቆጠራል፤ እናንተ ግን ልትወዳደሩበት አትችሉም።

👉 በጀቱ የማን ነው?

ጤና ሚኒስቴር ፖሊሲ ያወጣል፤ የክልል ሆስፒታል ሐኪም ደሞዝ ግን በዋናነት የሚከፈለው እንደ ተቋሙ ደረጃ ከክልል ወይም ከወረዳ በጀት ነው። ክልሉ ከፌዴራል ድጎማና ከራሱ ገቢ ያገኘውን ያከፋፍላል፤ ወረዳው ደግሞ የደረሰውን ለአስተማሪ፣ ለግብርና ባለሙያ፣ ለጤና ባለሙያ ደሞዝ ይደለድላል። አዲስ ሐኪም የሚቀጠረው ነባሮቹ ከተከፈሉ በኋላ በሚተርፈው ገንዘብ ነው። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ በዚያን ጊዜ ያልተያዘ መደብ ብዙውን ጊዜ ለቀጣዩ ዓመት ይተላለፋል።

በአማራ ክልል ከ2015 ክረምት ጀምሮ የቀጠለው ግጭት ነገሩን አክብዶታል። መንገድ ሲዘጋ ግብር አይሰበሰብም፤ መድኃኒትም ሰውም በጊዜው አይደርስም፤ የተቀጠረውም ሐኪም ራቅ ወዳለ ወረዳ ለመሄድ ይሰጋል።

👉 በወረቀት የተያዘ፣ በዋርድ ግን ባዶ

ሌላም ጉዳይ አለ። ጠቅላላ ሐኪም ጥቂት ጊዜ ሠርቶ ስፔሻሊስት ለመሆን የሬዚደንሲ ፈተና ይወስዳል። ክልሉ ስፖንሰር ካደረገው፣ ለ3፣ ለ4 አንዳንዴም ለ5 ዓመት ደሞዙን እያገኘ ይማራል። ይህ ጥሩ ነገር ነው፤ ዞኑ ነገ ቀዶ ሐኪምና የማህፀን ሐኪም የሚያገኘው በዚህ መንገድ ነው። ነገር ግን እስኪመለስ መደቡ ሰው እንዳለው ይቆጠራል፣ በጀቱም ለእሱ ይወጣል። ሆስፒታሉ በእሱ ምትክ ሌላ ለመቅጠር ተጨማሪ በጀት መጠየቅ አለበት።

የማስተማሪያ ሆስፒታል ደግሞ ሌላ መልክ አለው። ኮሪደሩ ላይ ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ የሆስፒታሉ ቅጥር አይደለም። ተማሪ አለ፣ ኢንተርን አለ፣ የዩኒቨርሲቲ መምህር አለ፣ የሆስፒታሉ ሐኪም አለ። ኢንተርኖች ሌሊቱን ዲዩቲ ሲሸፍኑ የቅጥር ክፍተቱ ለጎብኚ አይታይም። እንዲህ ዓይነት ድጋፍ የሌላቸው የወረዳ ሆስፒታሎች ግን ክፍተቱን ወዲያው ያሳያሉ።

👉 እዚህ እንዴት ደረስን?

ከ25 ዓመት በፊት በሀገሪቱ ሐኪም የሚያስተምሩት የመንግሥት ተቋማት በዋናነት አዲስ አበባ፣ ጎንደር እና ጅማ ነበሩ። የሐኪም እጥረቱን ለመቅረፍ መንግሥት በብዛት ማስመረቅን መረጠ። አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምና ትምህርት ከፈቱ፤ በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በሌላ ሙያ ዲግሪ ያላቸውን ተቀብሎ የሚያስተምር አዲስ ፕሮግራም በ13 ተቋማት ተጀመረ። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲም ዛሬ ሐኪም ያስመርቃል።

በፊት ተመራቂ ሐኪም ዕጣ አውጥቶ ይመደብ ነበር። ዕጣው ሩቅ ቦታ ሊወስድህ ይችላል፣ ሥራ ግን አለህ። የተመራቂው ቁጥር ከመደቡና ከበጀቱ ሲበልጥ ግን ያ አሠራር አልቀጠለም፤ ተመራቂው እንደማንኛውም ሰው ማስታወቂያ ጠባቂ ሆነ። ማስመረቂያው ሰፋ፣ መቅጠሪያው ግን በዚያው ልክ አልሰፋም።

👉 የተቀጠሩትስ?

የጤና ባለሙያዎች የደሞዝና የጥቅማጥቅም ጥያቄ በግንቦት 2017 ወደ ሥራ ማቆም ደርሶ እንደነበር፣ በርካታ ባለሙያዎችም መታሰራቸው ይታወሳል። ከመስከረም 2018 ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ማስተካከያ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደሞዝ ከ9,056 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። የደሞዝ ጭማሪ ያለውን ሐኪም ለማቆየት ይረዳል። ነገር ግን የክልልና የወረዳ በጀት አብሮ ካላደገ ለአዲስ ቅጥር የሚተርፈው ገንዘብ ይቀንሳል። ሁለቱ ጥያቄዎች አብረው መታየት ያለባቸው ለዚህ ነው።

ችግሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በኬንያ በ2016 ዓ.ም. የመንግሥት ሐኪሞች 56 ቀን ሥራ አቁመው ነበር፤ ከዋና ጥያቄዎቻቸው አንዱ የኢንተርኖች ምደባና ክፍያ ነበር።

👉 ቅጥር ለምትጠብቁ

▪️ የብቃት ምዘና ፈተናውን አልፋችሁ የሙያ ፈቃዳችሁን አስቀድማችሁ ጨርሱ። ማስታወቂያ የሚቆየው ጥቂት ቀን ነው።
▪️ የክልሉን ጤና ቢሮ፣ የዞኑን ጤና መምሪያ፣ የሆስፒታሎቹንና የዩኒቨርሲቲውን ማስታወቂያ ለየብቻ ተከታተሉ። ቀጣሪዎቹ የተለያዩ ናቸው።
▪️ "ቋሚ" እና "ኮንትራት" የሚለውን ለዩ። ኮንትራት ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ሳትጠይቁ አትፈርሙ።
▪️ "ገንዘብ ላክ፣ መደብ አለኝ" ለሚል ደላላ ብር አትስጡ። የመንግሥት ቅጥር በማስታወቂያና በውድድር ነው።

👉 ሁላችንም የምንጠይቀው

"ሐኪም ለምን የለም?" ብለን ስንጠይቅ መልሱ ሁሌ "በጀት የለም" ነው። ጥያቄውን እንከፋፍለው። ለእያንዳንዱ ሆስፒታል፦ ስንት የሐኪም መደብ ተፈቅዷል? ከዚያ ውስጥ ስንቱ በጀት አለው? በጀት ካለው ውስጥ ዛሬ ስንቱ ሐኪም ሥራ ላይ ነው?

ሦስቱ ቁጥሮች በየዓመቱ ሐምሌ ላይ ቢለጠፉ፣ ተመራቂው የት እንደሚያመለክት፣ የምክር ቤት አባሉ የት ገንዘብ እንደሚጨምር፣ ሕዝቡም ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል። እስከዚያው ምጥ የያዛት የጋይንት እናት ሪፈር ወረቀቷን ይዛ የደብረ ታቦርን መንገድ ትጓዛለች፤ ልታክማት የምትችለው ሐኪም ደግሞ ስልኳን ይዛ ማስታወቂያ ትጠብቃለች።