ከጽጽቃ እስከ ላቦራቶሪ፦ የታይሮይድ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የቱን ምርመራ ያስቀድም?

የታይሮይድ ዕጢው ከልክ በላይ ለሚሠራ ሰው ክኒን ማዘዝ የሕክምናው ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ በቀጣዮቹ ወራት መጠኑን መጨመር፣ መቀነስ ወይም ባለበት ማቆየት ነው፤ ይህን የሚወስነው በዋናነት የደም ምርመራ ነው። ከዋግ ኽምራ ዝቋላ ወረዳ፣ ከጽጽቃ ተነሥቶ ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ለሚደርስ፣ የሚፈልገውን ካላገኘም ወደ ወልዲያ ወይም ወደ ደሴ ለሚቀጥል ገበሬ፣ እያንዳንዱ ናሙና የመሳፈሪያ፣ የማደሪያና የባከነ የሥራ ቀን ዋጋ አለው። ስለዚህ የትኛው ምርመራ መቼ ይደረግ የሚለው ጥያቄ ለዋግ ሰው ከአዲስ አበባ ነዋሪ ይልቅ ይከብዳል። በእኔ እምነት በመጀመሪያዎቹ የሕክምና ወራት አቅም ውስን ከሆነ መቅደም ያለበት ከታይሮይድ ሆርሞኖች አንዱ የሆነው ነፃ ቲ4 ነው፤ ሌላው ሆርሞን ቲ3 ከተቻለ ይታከልበት፤ ቲኤስኤች ይቆይ።

ጉዳዩ ለዋግ ደጋ ሩቅ አይደለም። ዝናብ ለዘመናት ያጠበው የተራራ አፈር አዮዲን ያንሰዋል፤ በሰቆጣ ገበያ ሲሸጥ የኖረው የአሞሌ ጨውም አዮዲን አልተጨመረበትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 በተደረገ አገር አቀፍ ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ዕድሜ ካላቸው ሴቶች ከሲሶ በላይ የሚሆኑት እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት የሚያስገድደው ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ብዙ ዓመት የቆየ እንቅርት ውስጥ እባጮች ይፈጠራሉ፤ አንዳንዶቹም ማንም ሳያዛቸው ሆርሞን ማመንጨት ይጀምራሉ። ያኔ ሰውየው እየበላ ይከሳል፣ በደጋው ብርድ ያልበዋል፣ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ልቡ ይመታል። አዮዲን ለሕዝብ ሲዳረስም እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ለጊዜው ሊበዙ ይችላሉ፤ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በዚምባብዌ የታየው ይህ ነው። ይህ ግን አዮዲን ያለበትን ጨው ለመተው ምክንያት አይሆንም፤ እጥረቱ በፅንስና በሕፃናት አንጎል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት እጅግ ይከፋልና።

ቲኤስኤች ይቆይ ያልኩት በምክንያት ነው፤ የሚወጣው ከራሱ ከታይሮይድ ዕጢ አይደለም። በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ታይሮይድን ሆርሞን እንዲያመርት የምታዝበት ነው። ደም ውስጥ ሆርሞን ሲበዛ ትእዛዙ ይቋረጣል፤ ቲኤስኤችም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ለወራት የተጫናት ፒቱታሪ የሆርሞኑ መጠን ከተስተካከለ በኋላም ቶሎ አትነቃም። ቲ4 እና ቲ3 ልካቸውን ይዘው ሳለ ቲኤስኤች ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝቅ እንዳለ ይቆያል። ያንን ቁጥር ብቻ አይቶ የክኒኑን መጠን የሚጨምር ሐኪም ሕመምተኛውን ወደ ተቃራኒው ችግር ሊገፋው ይችላል፦ ሰውነት ይከብዳል፣ ብርድ አይቻልም፣ እንቅርቱም ይብስ ያብጣል።

ቲኤስኤች ከሁሉ የረቀቀ ምርመራ ነው፣ ብዙ ላቦራቶሪም የሚሠራው እርሱን ነው የሚል መከራከሪያ ይነሣል። ሕመሙ መኖሩን ለማወቅ እውነት ነው፤ ከወራት በኋላ ሁኔታው ሲረጋጋም ተመልሶ ዋናው መለኪያ ይሆናል። መድኃኒቱ ሥራ በጀመረበት ሰሞን ግን የሚያሳየው ያለፈውን ነው። ሌላው ክርክር ልብ ምቱንና ክብደቱን ማየት ይበቃል የሚል ነው። ክብደት በእርግጥ ጥሩ ምስክር ነው፤ ልብ ምት ግን ብዙ ጊዜ አብሮ በሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል ስለሚረግብ ሆርሞኑ ሳይወርድ የወረደ ያስመስላል።

ጊዜውም ልክ አለው። ለዚህ ሕመም የሚታዘዙት ክኒኖች፣ ፒቲዩም ሆነ ሜቲማዞል፣ አዲስ ሆርሞን እንዳይሠራ ያግዳሉ እንጂ ዕጢው ያከማቸውን አያጠፉም፤ ደም ውስጥ ያለው ቲ4 በግማሽ ለመቀነስም አንድ ሳምንት ገደማ ይፈጅበታል። ስለዚህ በሳምንቱ የሚደረግ ምርመራ ገንዘብ ማባከን ነው፤ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ የሚደረገው እውነቱን ያሳያል፤ ከተስተካከለ በኋላ በየሁለት ሦስት ወሩ ይበቃል። ለነፍሰ ጡር ግን ይህ አይሠራም፤ በየ4 ሳምንቱ መታየት አለባት። ፒቲዩ ብዙውን ጊዜ በቀን ሦስቴ ስለሚወሰድ በዐቢይ ጾም የጠዋቱን ክኒን የዘለለ ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ይንገር፤ ካልነገረ ከፍ ብሎ የሚወጣው ቲ4 መድኃኒቱ እንዳነሰው ተቆጥሮ መጠኑ ይጨመርበታል።

ርቀቱን ማቃለልም ይቻላል። የኢትዮጵያ ፖስታ የቲቢ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ሲያመላልስ ቆይቷል። ከደም የተለየ ሴረም በቅዝቃዜ ለቀናት ስለማይበላሽ፣ ሕመምተኛው ቀርቶ ናሙናው ቢጓዝ ምን ይከለክላል? ቀጠሮ የማይጠብቅ ምርመራ ግን አለ። እነዚህ መድኃኒቶች አልፎ አልፎ ነጭ የደም ሴልን በድንገት ያጠፋሉ፤ ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም የያዘው ሰው ክኒኑን አቁሞ በዚያው ቀን ነጭ የደም ሴሉን ማስቆጠር አለበት። የዓይን ቢጫ መሆን ወይም የሽንት መጥቆርም የጉበት ጉዳት ምልክት ስለሆነ እንዲሁ ያስቸኩላል።

በእባጭ የመጣን ሕመም ክኒን ያረግበዋል እንጂ አይነቅለውም፤ ብዙዎች መጨረሻቸው ቀዶ ጥገና ነው። ሆርሞኑ ሳይወርድ የሚደረግ ቀዶ ጥገና ሕይወትን የሚያሰጋ የሆርሞን ማዕበል ሊያስነሣ ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ ቀን ከመቁረጡ በፊት የሚጠይቀውም የተስተካከለ ቲ4 እና ቲ3 ነው፤ ሁለቱ ልክ ከሆኑ ቲኤስኤች ገና ዝቅ ማለቱ ብቻውን ቀጠሮውን አያዘገየውም።