መሸኛ ይዞ ቶንጎ የሚገባ ክርስቲያን

ቶንጎ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል የማኦና ኮሞ ልዩ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በመንግሥት ሥራ ተመድቦ የሚመጣ መምህር ወይም የጤና ባለሙያ የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን አባል ከሆነ፣ ከትምህርት ማስረጃው ጋር አንድ ሌላ ወረቀት ይይዛል፦ መሸኛ። ወረቀቱ የሚናገረው ጥቂት ነው። ሰውዬው የየት ጉባኤ አባል እንደነበረ፣ መጠመቁን፣ በምን እንዳገለገለ፣ ከጌታ እራት ያልታገደ መሆኑን ይገልጽና ማኅተም ያርፍበታል። ተቀባዩ ጉባኤ ደብዳቤውን አይቶ እንግዳውን በምእመናን ፊት ይቀበላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቢታመም የሚጠይቀው፣ ቢያጠፋ የሚገሥጸው፣ ቢሞት የሚቀብረው ማኅበር አለው።

በአዲስ አበባ አንድ ሰው ዓመታት ሙሉ በየእሑዱ እየሄደ ማንም ስሙን ሳያውቀው ሊኖር ይችላል። ይህ መሄድ ነው፤ አባልነት ሌላ ነው። አባል የሆነ ሰው ስለ እርሱ የሚጠየቁ ሰዎች አሉት፤ እርሱም በተራው ስለ ሌሎች ይጠየቃል። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ መሠረት በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ከ100 ሰው 45 ያህሉ ሙስሊም፣ 33 ያህሉ ኦርቶዶክስ፣ 13 ያህሉ ፕሮቴስታንት ነበሩ። በማኦና ኮሞ ደግሞ አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም ነው። ክርስቲያኑ በቁጥር ትንሽ በሆነበት ቦታ የማን ማኅበርተኛ እንደሆነ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቃል።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የአባልነት በሩ ጥምቀት ነው፤ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። ሕፃኑ መናገር ስለማይችል ክርስትና አባቱ ወይም ክርስትና እናቱ ይናገሩለታል። ወደ ምዕራብ ዞረው ሰይጣንን ይክዳሉ፣ ወደ ምሥራቅ ዞረው እምነታቸውን ይመሰክራሉ። ከውኃው በኋላ ካህኑ 36 የሰውነት ክፍሎችን ቅብዐ ሜሮን ይቀባል፤ ማዕተብ ይታሰራል፣ የክርስትና ስም ይወጣል፣ በዚያው ዕለትም ሕፃኑ ይቆርባል። ያ ስም እስከ መጨረሻው አብሮት ይኖራል። ሲቆርብ፣ ሲጸለይለት፣ በፍትሐቱም ቀን የሚጠራው በእርሱ ነው።

ትልቅ ሆኖ የሚመጣው መንገዱ ረዘም ይላል። ንዑሰ ክርስቲያን ተብሎ ይማራል፤ በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ገና ያልተጠመቁት እንዲወጡ የሚያውጅበት ቦታ አለና እርሱም ከሚወጡት ጋር ይቆጠራል። በዚሁ ክልል በመተከል ብዙ የጉሙዝ ተወላጆች በቅርብ ዓመታት በዚህ መንገድ ተጠምቀዋል። ለእነዚህ ሰዎች አባልነት በአራስነት የተሰጠ ሳይሆን ተምረው የደረሱበት ነው፤ ስለዚህም በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባዋል። አጥምቆ መመለስ ቀላል ነው። ከጥምቀቱ በኋላ በቋንቋቸው የሚያስተምር ካህንና የንስሐ አባት ማቆየት ግን ከባዱ ሥራ ነው።

ከጥምቀቱ ጎን የሚቆመው የሰበካ ጉባኤ መዝገብ ነው። ቃለ ዓዋዲ የተባለው መተዳደሪያ በ1965 ዓ.ም. ሲወጣ ካህናትና ምእመናን አጥቢያቸውን አብረው እንዲያስተዳድሩ መሠረት ጣለ። ብዙም ሳይቆይ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ቤተ ክርስቲያኗን ከርስቷ ለየ። ካህኑን ያኖር የነበረው መሬት ሄደ፤ ምእመኑ በየዓመቱ የሚከፍለው አስተዋፅኦ ተተካ። ዛሬ በብዙ ቦታ ለጋብቻም ለቀብርም የአባልነት ደብተር የሚጠየቀው ከዚህ የተነሣ ነው። አንዳንዱ ይህን እንደ ግብር ያማርርበታል። ሆኖም ርስት የሌላት ቤተ ክርስቲያን በልጆቿ እጅ ካልሆነ በማን ትቆማለች?

የወንጌላውያኑ ሥርዓት በየቤተ እምነቱ ይለያያል። መካነ ኢየሱስ ሕፃናትንም ታጠምቃለች፣ ቃለ ሕይወት አምኖ የተናገረውን ብቻ። ከጥምቀቱ በፊት ትምህርት አለ፤ ቀጥሎም በሽማግሌዎች ፊት መጠየቅ ይመጣል። ይህ ጥያቄ ለይስሙላ እንዳልነበረ የወላይታ ታሪክ ያስረዳል። በ1926 ዓ.ም. በመጀመሪያው ጥምቀት የተጠመቁት 10 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ያስተማሯቸው ሚሲዮናውያን በጣሊያን ወረራ ምክንያት በ1929 ዓ.ም. ሲወጡ የተጠማቂዎቹ ቁጥር 48 ነበር። ሲመለሱ የጠበቃቸው ከ10 ሺህ በላይ አማኝ ነው። እነዚያ 48ቱ ታዳሚ ብቻ ቢሆኑ ኖሮ ሰባኪው ሲሄድ እነርሱም በተበተኑ ነበር። እርስ በርስ የሚጠያየቁ አባላት ስለነበሩ ግን በወረራው ዘመን የደረሰባቸው እስርና ግርፋት አልበተናቸውም።

ለቶንጎ የሚቀርበው ደግሞ የወለጋ ምስክርነት ነው። መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. ስትመሠረት 20 ሺህ ያህል አባላት ነበሯት፤ ጠንካራ ከነበረችባቸው ቦታዎች አንዱ ምዕራብ ወለጋ ነበር። በ1971 ዓ.ም. ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ታፍነው ተገደሉ፤ ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በወለጋ አብዛኛው ጸሎት ቤት ተዘጋ። ሕንፃው ሲታሸግ ምእመኑ በየቤቱ ተሰበሰበ። ወንበር ሳይኖር፣ ደወል ሳይኖር፣ ማን የማን እንደሆነ ግን ይታወቅ ነበር።

ቶንጎ ራሷም ከዚህ የከበደ ጥያቄ ደርሶባታል። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ከሱዳን ብሉ ናይል ጦርነት የሸሹ ሰዎች በአካባቢዋ በተከፈተው መጠለያ ኖረዋል። ከብሉ ናይል ሕዝቦች መካከል ኡዱኮች እዚያው ሱዳን ውስጥ በቻሊ ከ1930ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የሚነሣ ቤተ ክርስቲያን አላቸው። የሱዳን መንግሥት በ1956 ዓ.ም. ሚሲዮናውያንን ሲያስወጣ አገልግሎቱ በራሳቸው ሰዎች እጅ ቀረ። በ1979 ዓ.ም. መንደሮቻቸው ሲቃጠሉ ድንበር ተሻግረው ወደ አሶሳ ተሰደዱ፤ ከአሶሳም ተነቅለው ከብዙ መንከራተት በኋላ ጋምቤላ አቅራቢያ ቦንጋ መጠለያ ደረሱ፤ በየሰፈሩበት ዝማሬያቸውንና ጉባኤያቸውን አቋቋሙ። የቶንጎው መጠለያም አልዘለቀም። በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ወር ግጭት ደርሶበት ስደተኞቹ እንደገና ሸሹ።

ሁለትና ሦስት ጊዜ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው መሸኛ ከየት ያመጣል? የጻፈለት ጉባኤ ራሱ ተበትኗል። እንዲህ ያለ ምእመን በአሶሳም ሆነ በባምባሲ ካለ ጉባኤ ደጃፍ ሲደርስ ወረቀት እንዲያቀርብ ማስጨነቅ ትልቅ በደል ነው። አብረውት የጸለዩ፣ ልጁ ሲጠመቅ የቆሙ፣ እናቱን አብረውት የቀበሩ ሁለት ሦስት ሰዎች አብረውት ከመጡ የእነርሱ ቃል ይበቃል፤ ሽማግሌዎቹም ያንን ቃል ሰምተው ስሙን በመዝገባቸው ሊጽፉለት ይገባል።