በጨረር ፊት የማይናወጥ ምት፦ የኦሲሌተር ንድፍ ዳሰሳ

በማኅሌት ላይ ከበሮው ምቱን ቢስት ዝማሬውና ሽብሸባው እንደሚታወክ ሁሉ፣ ኦሲሌተር የተባለው ንዝረት አመንጪ ዑደት ከሥርዓቱ ሲወጣ በእርሱ ምት የሚመሩት የሳተላይት ሬዲዮና ኮምፒዩተር አብረውት ይስታሉ። እ.ኤ.አ. በ1958 የፊዚክስ ሊቁ ጄምስ ቫን አለን በኤክስፕሎረር 1 ሳተላይት መሣሪያ አማካይነት ምድርን የከበበውን የጨረር መቀነት ከገለጸ ወዲህ፣ ይልቁንም በሐምሌ 1962 በፓስፊክ ሰማይ ላይ ከፈነዳው የኑክሌር ቦምብ ማግስት የመጠቀችው የመገናኛ ሳተላይት ቴልስታር ትራንዚስተሮቿ በጨረር ተጎድተው በየካቲት 1963 ዝም ካለች በኋላ፣ ጨረርን የሚቋቋም ዑደት መንደፍ ራሱን የቻለ ጥበብ ሆነ።

ጉዳቱ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው እንደ ዝገት ቀስ በቀስ የሚከማች ሲሆን፣ በትራንዚስተሩ ረቂቅ የኦክሳይድ ሽፋን ውስጥ የኤሌክትሪክ ሙል ተይዞ እየቀረ ትራንዚስተሩ የሚከፈትበትን ቮልቴጅ ያዛባል፤ ሁለተኛው ደግሞ አንዲት ኃይለኛ ቅንጣት በቅጽበት አልፋ ምቱን ከጊዜው የምታስትበት ነው።

ሰፊ ምርመራ የሚሻው ግን የኳርትዝ ነገር ነው። ይህ ማዕድን ሲጫኑት ኤሌክትሪክ እንደሚያፈልቅ ዣክና ፒየር ኩሪ በ1880 ያስረዱለት፣ ዛሬም የብዙ ኦሲሌተሮች ልብ የሆነ ነው። በውስጡ በሲሊከን ስፍራ የገባ ጥቂት አሉሚኒየም የሶዲየም ወይም የሊቲየም አዮን በአጠገቡ ይዞ ይኖራል፤ ጨረር ሲያገኘው ይህ አዮን ከማደሪያው ይፈናቀልና የንዝረቱ ድግግሞሽ ይለወጣል። መድኃኒቱም ማዕድኑን እስከ 500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ አግሎ፣ በብርቱ የኤሌክትሪክ መስክ እነዚህን ባዕድ አዮኖች አስወጥቶ በሃይድሮጅን መተካት ነው። በታኅሣሥ 2001 የመጠቀችውና ከ1336 ኪሎ ሜትር ከፍታ የባሕርን ገጽ ትለካ የነበረችው ጄሰን 1፣ የጨረሩ መቀነት ወደ ምድር በሚቀርብበት በደቡብ አትላንቲክ ሰማይ ባለፈች ቁጥር ኦሲሌተሯ ይናወጥ ስለ ነበር፣ በእርሱ ምት የሚሰላው የምድር ጣቢያዎች ስፍራ እንኳ ተዛብቷል፤ በ2008 በተከተለቻት በጄሰን 2 ግን ችግሩ እጅግ ቀለል ብሎ ታየ።

በዑደቱም በኩል ነዳፊዎች በጨረር የሚከፈተውን የኤሌክትሪክ ፍሳሽ መንገድ ለመዝጋት የትራንዚስተሩን በር እንደ ቀለበት ክብ አድርገው ይሠራሉ፤ አንዲት ቅንጣት የምትጥለው ሙል ከቁጥር እንዳይገባ የዑደቱን ጅረትና የሙል መያዣውን አቅም ያሳድጋሉ፤ ሦስት አምሳያ ክፍሎችንም አቁመው ሁለቱ የተስማሙበትን ይቀበላሉ። ይሁን እንጂ ይህ ሁሉ ስፍራንና ኃይልን ይበላል፣ ሳተላይት ደግሞ ኃይሏን በአብዛኛው የምታገኘው ከፀሐይ ሰሌዳዎቿ ነው።

ስለዚህ ዑደትን ለጠፈር የሚነድፍ ሰው፣ ሥራው ከተፈጸመ በኋላ የእርሳስ ጋሻ ከመደረብ ይልቅ፣ ጥንቃቄውን ከኳርትዙ ንጽሕና ይጀምር፤ ወደ ጠፈር የወጣ ሰዓት ተመልሶ አይጠገንምና።