ካምፕ ውስጥ የተወለደ ሕፃን ስንት ወረቀት ያስፈልገዋል?

ሰሞኑን እዚህ ካኩማ በኛ ሰፈር አራስ ቤት በዝቷል። ገንፎውም እልልታውም ደግ ነው። ነገር ግን «የልጁን ወረቀት ጨረሳችሁ ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎቹ «ቀስ ብሎ ይደርሳል» ይላሉ። አይደርስም። እኔ ከማስተምራቸው ልጆች መካከል የብሔራዊ ፈተና ምዝገባ በመጣ ቁጥር የልደት ሰርተፊኬት አጥተው የሚንከራተቱ አሉ። ወላጆቻቸው ያኔ «ይደርሳል» ያሉ ናቸው።

በመጀመሪያ ሁለት ወረቀቶችን እንለይ። ሆስፒታል የሚሰጠው ኖቲፊኬሽን ልጁ መወለዱን የሚያስታውቅ ነው እንጂ ሰርተፊኬት አይደለም። ሰርተፊኬቱን የሚያወጣው የኬንያ ሲቪል ምዝገባ ቢሮ ነው። ብዙ ሰው ኖቲፊኬሽኑን ፕላስቲክ ውስጥ ከትቶ ሳጥን ውስጥ ይቆልፍና ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። በሕጉ መሠረት ልደት በ6 ወር ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከዚያ ካለፈ «የዘገየ ምዝገባ» ይሆንና ተጨማሪ ማስረጃና ተጨማሪ ክፍያ ይጠየቅበታል። ቤት የተወለደ ልጅም ይመዘገባል፤ እናቲቱ ለክትባት ክሊኒክ ስትሄድ የዚያኑ ቀን ጉዳዩን ብትጀምር ይሻላል፤ የክትባት ካርዱም በኋላ ማስረጃ ይሆናታል።

አሁን ወደ ስሙ። ፈረንጅም ኬንያዊም የማያውቀው ችግር ያለው እዚህ ላይ ነው። የኛ ክርስቲያኖች ወንዱን በ40፣ ሴቷን በ80 ቀን ክርስትና ያነሳሉ፤ እስከዚያ ልጁ «ማሙሽ» ወይም «ሚሚ» ነው። ነርሷ ግን ዛሬውኑ ስም ትፈልጋለች። አባት በችኮላ አንድ ስም ይሰጣል፣ አያት ከአገር ቤት ደውላ ሌላ ታወጣለች፣ ልጁ ራሽን ላይ በአንዱ፣ ክሊኒክ በሌላው ይጠራል። የኬንያ ሕግ ስም ሳይወጣለት የተመዘገበ ወይም ስሙ የተቀየረ ልጅ ከተመዘገበ በኋላ በ2 ዓመት ውስጥ ስሙን ማስገባት ይፈቅዳል። ቢሆንም ስሙን ከመውለድ በፊት ተመካክሮ መቁረጥ ይሻላል።

ፊደሉም አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም አንዱ ጸሐፊ በቲ ይጀምረዋል፣ ሌላው በኤስ። ለኛ ያው ፀሐይ ናት፤ ለኮምፒዩተር ሁለት ሰው ናቸው። ስለዚህ የአባትና የእናት ስም በዩኤንኤችሲአር ማኒፌስት ላይ እንዳለ፣ ፊደል በፊደል፣ በወረቀት ተገልብጦ ወደ ማዋለጃ ይወሰድ። በቃል አትንገሩ።

ቀኑንም አስተውሉ። በኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተወለደ ልጅ ገና የትናንቱ ቀን ልጅ ነው፤ በነሱ ግን እኩለ ሌሊት ካለፈ ቀኑ ተቀይሯል። ኬንያውያንም በስዋሂሊ ሰዓት የሚቆጥሩት እንደኛ ስለሆነ በንግግር እንግባባለን፣ ቅጹ ላይ ግን የሚጻፈው የፈረንጁ ነው። ዓመተ ምሕረቱም በ7 ወይም በ8 ይለያያል። ከኛ ትልልቆቹ ስንቶቻችን ነን ጃንዋሪ 1 ተወለዱ ተብለን የተጻፍነው? ልጆቻችን እንኳ በትክክለኛ ቀናቸው ይጻፉ።

አባቱ አብሮ የሌለ ልጅስ? ቀድሞ በሕጉ አንቀጽ 12 ያልተጋባች እናት ብቻዋን የአባቱን ስም ማስመዝገብ አትችልም ነበር። በ2016 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ያንን አንቀጽ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሽሮታል። ይህን የማያውቁ እህቶች አሁንም በሀፍረት ከቢሮው ደጅ ይቀራሉ።

ሰርተፊኬቱ ልጁን ኬንያዊ አያደርገውም። በ2010ሩ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 14 በልደት ዜጋ የሚሆነው እናቱ ወይም አባቱ ኬንያዊ የሆነ ልጅ ነው። በኢትዮጵያ የዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ደግሞ ከወላጆቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የሆነ ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። ታዲያ አንዳንዱ «ኤምባሲ ሄጄ ለልጄ ፓስፖርት ላውጣ» ይላል። ቆይ! የ1951ዱ ስምምነት አንቀጽ 1(ሐ) በፈቃዱ ወደ አገሩ መንግሥት ጥበቃ የተመለሰ ሰው ስደተኝነቱ ሊቀርበት እንደሚችል ይናገራል። እግራችሁን ከማንሳታችሁ በፊት የሕግ አማካሪ ጠይቁ። ለስደተኛ የሚሰጠው የጉዞ ሰነድ በዚያው ስምምነት አንቀጽ 28 የተመለከተው ነው፤ ሕፃኑም የራሱ ያስፈልገዋል፣ በእናቱ ደብተር ላይ ተለጥፎ የሚሄድበት ዘመን አልፏል።

ከሰርተፊኬቱ ጎን ለጎን ሕፃኑ የስደተኞች አገልግሎት መምሪያ እና ዩኤንኤችሲአር መዝገብ ላይ መግባት አለበት። ማኒፌስት ላይ የሌለ ልጅ ራሽኑ በቤተሰቡ ቁጥር ላይ አይደመርም። ከካምፕ ለሕክምና ስትወጡም ሙቭመንት ፓሱ ላይ ስሙ መኖሩን አይታችሁ ውጡ።

ኬዛቸው በሂደት ላይ ያለ ቤተሰቦች ደግሞ አንድ ቀን እንኳ አይዘግዩ። በሂደት መሐል የተወለደ ልጅ ኬዙ ላይ መጨመር፣ ሕክምናም መመርመር አለበት። ካልተጨመረ ወይ ቤተሰቡ በሙሉ ይቆያል፣ ወይ እናት ከልጇ ልትለይ ነው። «ካስቸገረ ዝም እንበልና እዚያ ሄደን እናመጣዋለን» የሚል ምክር በየቡና ቤቱ ይሰማል። ይህ ከሁሉ የከፋው ነው፤ ሳይነገር የቀረ ልጅ በኋላ የማን እንደሆነ ማስረዳት የዲኤንኤ ምርመራና የዓመታት ጥበቃ ሊጠይቅ ይችላል።

ወደ ምዝገባ ስትሄዱ ሕፃኑን ራሱን፣ ኖቲፊኬሽኑን፣ የክትባት ካርዱን፣ ማኒፌስቱን፣ ካላችሁም የጋብቻ ወረቀት ያዙ። የሁሉንም ኮፒ እቤት አስቀሩ፤ ኦሪጅናል ለማንም ደላላ አይሰጥም። ወረቀቱ ሲሰጣችሁም ከመስኮቱ ሳትርቁ አንብቡት፣ ማንበብ የማይችል ጎረቤቱን ወይም አስተማሪ ይዞ ይሂድ።